ሰዓታትና ወፍጮ

«አንድ በሬ ይበቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ነገሩን ከዚሁ ልጀምረውና የሚፈርድብኝ አንባቢ ገና ከመግቢያው ይፍረድብኝ።

አያቴ ባረፈች በሁለተኛው ሳምንት አክስቴ ከመካነ ሰላም ስልክ ደወለችልኝ። ጉዳዩ የአርባ ቀን ተዝካር ነው። ጌሾውም፣ ጤፉም፣ የካህናቱም ነገር በእጇ ነው፤ የቀረው የእርዱ ገንዘብ ሲሆን እሱ ደግሞ በቤተ ዘመድ ምክር «አዲስ አበባ ላለው ልጅ» ተመድቧል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ማለት እኔ ነኝ። በጽሑፍ ቁጥር እየተከፈለው የሚኖር፣ ወር በገባ ቁጥር የቤት አከራዩን ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው መሆኔን መካነ ሰላም አያውቅም። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለው ሲባል የሰማ ዘመድ ሁሉ እኔን የሚያስበኝ ከሚኒስትር ጥቂት ዝቅ አድርጎ ነው።

«አንድ በሬና ሁለት ሙክት» አለችኝ አክስቴ።

«ሙክቶቹ ደግሞ ለምን?»

«ለእስላሞቹ ነዋ! ምን ሊበሉ ነው?»

እዚህ ላይ ንግግር አደረግሁ። ድግስ ደህናውን ገበሬ እንዴት እንደሚያራቁተው፣ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ለሟች የምትሻው ጸሎቱንና ምጽዋቱን እንጂ ብልቱን እንዳልሆነ፣ በዚሁ ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጽሑፍ ማሳተሜን ጭምር እየጠቀስኩ አስረዳኋት። ጎረቤቶቹ ሽሮ ቢቀርብላቸው እንደማይቀየሙም አከልኩበት። አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «እሺ የኔ ጌታ፣ አንተ እንዳልክ ይሁን» አለች። የወሎን ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለው «እሺ» ከስድብ ይከብዳል።

በዚያው ሰሞን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ሥራ ስለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የምጽፈው ጽሑፍ ነበር። ርዕሱን እንኳ አውጥቼለት ነበር፤ «በፍቅር መኖር» የሚል። ሰው ስለ ፍቅር እየጻፈ በሁለት ሙክት ሲከራከር ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አልታየኝም።

* * *

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ በጉጉፍቱ አልፎ፣ በለጋምቦ ደጋ አቀስታን ረግጦ ወደ ቦረና ይዘልቃል። የለጋምቦ ብርድ አይጣል ነው። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሲያንቀላፋ እኔ በመስኮቱ የቦታዎቹን ስም ስቆጥር ነበር። ለጋምቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ፣ ቦረና፤ እነዚህ ሁሉ የኦሮምኛ ስሞች ናቸው። ቱሉ አውሊያ የሚባለው ከተማማ ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ «ቱሉ» ተራራ ነው፣ «አውሊያ» ደግሞ ቅዱሳን። መካነ ሰላም ግእዝ ነው፤ የሰላም ስፍራ። እነዚህን ስሞች ሁሉ የሚጠራው ሕዝብ የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ የሚጸልየው አንዱ በመስጊድ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ነው። አገር ብዙ ዘመን ሲኖር እንዲህ ይሆናል፤ ስሙ ብቻውን የታሪክ መጽሐፍ ነው።

ከነዚህ ስሞች የቀደመ ሌላ ስም ነበረው፤ ቤተ አማራ። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ልባቸው ያረፈው በዚህ አገር ነው። በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን በሳይንት በኩል አሠራ። ናዖድ መካነ ሥላሴን ጀመረ፤ ልጁ ልብነ ድንግል ፈጸመው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ መካነ ሥላሴን በዓይኑ አይቶ ጽፎለታል። የተድባበ ማርያም ጥንታዊነት ደግሞ በሳይንት ሰው አፍ ከኦሪት ዘመን ይጀምራል። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ቤተ አማራ ሲዘልቅ እነዚያ የነገሥታት አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋዩ። የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ የወታደሮቹን መደነቅና የወርቁን ብዛት ፍቱሐል ሐበሻ በተባለው መጽሐፉ ተርኮታል። ከዚያ ወዲህ የኦሮሞ ጎሳዎች ወደዚህ ደጋ ገቡ፤ አገሩም ዛሬ የምንጠራውን ስም ያዘ።

አባ ጊዮርጊስ ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። እሱ ሲወለድ ቦረና የሚባል ስም እዚህ አልነበረም፤ አገሩ ወለቃ ይባል ነበር። የቀድሞው የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ መካነ ሰላም እንደነበረች የሚያስታውሱ አንባብያን ይኖራሉ፤ የጋስጫ ገዳም በዚያው አውራጃ ግዛት በገደልና በዋሻ መካከል የሚገኝ ነው። ጋስጫ ወርደህ አይተኸዋል ወይ የሚለኝ ቢኖር፣ አልወረድኩም። የሄድኩት ለተዝካር ነው፤ ለተዝካር የሄደ ሰው ድንች ሲልጥና ወንበር ሲሸከም ይውላል።

* * *

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን ከቤተ መንግሥቱ ድንኳን ጋር የሚንቀሳቀሰው ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበር፤ የዛሬ ሰው ቢሆን «የባለሥልጣን ልጅ» ይባል ነበር ልጁ። ለትምህርት የተላከውም ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወዳቋቋመው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው።

ትምህርቱ ግን እምቢ አለው። በቤተ ክርስቲያን ሲነገር የኖረው ታሪኩ እንደሚለው ሰባት ዓመት ሙሉ ፊደል አልዘልቅ አለው። የኋላው የመጻሕፍት ደራሲ፣ «ዳግማዊ ቄርሎስ» እስኪባል የተመሰገነው ሊቅ፣ በሐይቅ ደሴት ላይ የሚታወቀው በወፍጮ ነበር። ለመነኮሳቱ እህል ይፈጫል።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይሮጣሉ። መሮጣቸው ስለሚቀጥለው ተአምር ነው፤ እመቤታችን ተገልጻ የዕውቀት ጽዋ እንዳጠጣችው፣ ከዚያም ልቡ እንደተከፈተለት ይነግሩናል። እኔም የመጀመሪያውን ረቂቅ ስጽፍ እንደነሱ ሮጬ ነበር። ተመልሼ ወፍጮው ዘንድ የቆምኩት አያቴ ከሞተች በኋላ ነው።

የከተማ ልጅ ወፍጮ ሲባል ሞተሩ ነው የሚመጣበት። የእጅ ወፍጮ ሌላ ነገር ነው። ሰፊው ድንጋይ በመደብ ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል። በሁለት እጅ የሚያዘው መጅ ይባላል። የምትፈጨው ሴት ጎንበስ ብላ መጁን ወደ ፊት ትገፋዋለች፣ ወደ ኋላ ትስበዋለች፤ ወገቧ፣ ክንዷ፣ ትከሻዋ አንድ ላይ ይሠራል። የቤተሰብን የቀን እንጀራ ለማድረስ ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ እስኪነጋ መግፋት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደግሞ የሴት ሥራ ነው፤ በአገራችን ወንድ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ቢል መሳቂያ ነበር። ሴት በማይገባበት ገዳም ግን አንድ ሰው መፍጨት አለበት፤ የሚፈጨውም ከሁሉ የሚያንሰው ነው። የቤተ መንግሥቱ ካህን ልጅ በዚያ ቦታ ላይ ሰባት ዓመት ያህል ሲጎነበስ ምን ያስብ ነበር? ሌላው ያነብባል፣ ይቀኛል፣ ይከራከራል፤ የሱ ንባብ የድንጋይ ድምፅ ነው። ያም ሆኖ የሚያነብቡትን ሁሉ የሚያበላቸው እሱ ነው።

ኋላ ላይ ብዙ ጻፈ። መጽሐፈ ምስጢርን በ1416 ዓ.ም. ፈጸመ፤ በዓመቱ በዓላት እየተከፋፈለ እንዲነበብ የተሰናዳ የሃይማኖት ክርክር ነው። ውዳሴ መስቀል፣ ኆኅተ ብርሃን እያለ ትውፊት የሚቆጥርለት ብዙ ነው። በሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. አረፈ፤ መታሰቢያው እስከ ዛሬ በዚሁ ቀን ነው። በሕዝቡ ጆሮ የገባለት ግን ሰዓታቱ ነው። በፍልሰታ ጾም ሌሊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማው ተኝቶ ሳለ በመቅደሱ ዙሪያ የሚሰማው ዜማ እሱ ነው። ከእሱ በፊትም ከግብጽ የመጣ የሰዓታት መጽሐፍ ነበር፤ የእሱ ግን ከገዳም እስከ ደብር ተስፋፍቶ ቦታውን ያዘ።

ሰዓታት የሚለውን ስም ዝም ብለን ስለምንጠራው አናስተውለውም እንጂ አሳቡ ቀላል አይደለም። ቀኑ በጸሎት ጊዜ ተከፋፍሏል፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ቀትር ሲሆን ክርስቶስ የተሰቀለበት ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነፍሱን የሰጠበት ነው። እንግዲህ ሰው በየትኛውም ሥራ ላይ ቢሆን፣ ገበያ ቢሆን፣ ሞፈር ቢይዝ፣ የሆነ ሰዓት ላይ ነው ያለው፤ ሰዓቱ ደግሞ የእግዚአብሔር ነው። ከእግዚአብሔር የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው ቀንን የሚያውቀው በመጅ ድምፅ ከሆነ ነገሩ አያስደንቅም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሊቃውንቱ ቢስቁብኝ እቀበላለሁ።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል ትንሽ እናውጋ። ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 በፍቅር መኖርንና በእግዚአብሔር መኖርን አንድ ነገር ያደርጋቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ የሚያየውን ወንድሙን የጠላ ሰው የማያየውን አምላክ እወዳለሁ ቢል ውሸታም ነው ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ለዚህ «መኖር» ለሚለው ነገር ግእዙ የሚወደው ግስ «ነበረ» ነው። በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ቆየ፣ ኖረ ማለት ነው። አማርኛችን ይህን ቃል ወረሰና ያለፈ ነገር መናገሪያ አደረገው። ግእዙ «ይኖራል» የሚልበትን ቃል እኛ «ነበር» ስንል እናውለዋለን። ቋንቋ ሆን ብሎ አያሾፍም፤ ይሁን እንጂ ስለ ፍቅራችን በተነሳ ቁጥር «ድሮ እኮ ነበር» የምንለው ነገር ሲሰማኝ ይህ ትዝ ይለኛል።

አያቴ ሰዓታትን አታነብም ነበር፤ ፊደል አልቆጠረችም። ሰዓቱን ግን በወፍጮዋ ትጠብቀው ነበር። ልጅ ሆኜ ለክረምት ስሄድ የሞተር ወፍጮ ከተማው ከገባ ቆይቷል፤ እሷ ግን ለቆሎ ዱቄትና ለበሶ የራሷን ድንጋይ አልተወችም። እየገፋች ስም ትጠራለች። የሞተውን «ነፍሱን ማርልኝ»፣ ያለውን «ጠብቅልኝ» እያለች። ከስሞቹ መካከል የክርስትና ያልሆኑም ነበሩ። አንዷ ስም ደግሞ በየቀኑ ከወንድሞቿ ስም በፊት የምትጠራ ነበረች። ልጅ ነኝና ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።

ቅዳሜና እሑድ ወፍጮው አይነካም። ይህም ቢሆን ታሪክ አለው። ቀዳሚት ሰንበት ትከበር አትከበር የሚለው ክርክር የአባ ጊዮርጊስን ዘመን ያናወጠ ነበር፤ እሱ ከሁለቱ ሰንበታት ወገን ነው። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነገሩ እልባት አገኘ። ሊቃውንቱ የተከራከሩት በነገረ መለኮት ነው፤ የባላገሯ ክንድ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጅ ያረፈው ግን በዚያ ክርክር ነው። ያን ሁለት ቀን ለማረፍ ዓርብ ሌሊቱን ስትፈጭ ታድራለች፤ ይኼኛውን ጉባኤው አላሰበበትም።

* * *

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ደስ የሚል ነው። ለዐውደ ዓመት እትም የሚሆን ነው። ችግሩ፣ ታሪኩ እዚህ አይቆምም።

አባ ጊዮርጊስ ራሱ በቤተ መንግሥት ክርክር ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። ቢቱ ከተባለ የዘመኑ ካህን ጋር ተከራክሯል፤ በነገረኞች ምክንያት መታሰሩንም ገድሉ ይናገራል። እሱ የተዋጋው በብዕር ነው፤ የተቃወማቸውን ሰዎች አሳብ እየጠቀሰ መልስ ይሰጣል። ካረፈ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1426 ዓ.ም. ዘርዐ ያዕቆብ ነገሠ። ዘርዐ ያዕቆብ ብዙ የጸለየና ብዙ ያጻፈ ንጉሥ ነው፤ መጽሐፈ ብርሃን የሱ ነው፤ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዘ እሱ ነው። በዚሁ ንጉሥ እጅ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት «ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም» በማለታቸው ተገረፉ፣ አፍንጫና ምላሳቸው ተቆረጠ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የነዚህን መነኮሳት ታሪክ በ1996 ዓ.ም. «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውልናል። ያነበበው ሰው ቶሎ አይረሳውም። ገራፊውም ተገራፊውም ጸሎት የሚያደርሱ፣ የሚጾሙ፣ አንድ ወንጌል የሚያነብቡ ናቸው።

ወደ ወሎ እንመለስ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱን ሰበሰቡ። በመጀመሪያ የክርስቲያኖቹ የልደት ክርክር ተቆረጠ። ቀጥሎ አዋጁ ወጣ፤ በሃይማኖት ለተለዩት ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊሞች ሦስት ዓመት፣ ሌላ እምነት ላላቸው አምስት ዓመት ተሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ሊሆን። የወረሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ። ያልተቀበሉት እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉት አመጹ፣ ተሰደዱ። ብዙው ሕዝብ ግን መሬቱን ትቶ የት ይሄዳል? ተጠመቀ፤ ቀን ክርስቲያን ሌት እስላም ሆኖ ኖረ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ የአዋጁ ጉልበት ላላ።

ዐፄ ዮሐንስን አሁን ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው። አገር በሃይማኖት አንድ ካልሆነ አይቆምም ብለው ያመኑ ሰው ናቸው፤ ከግብጽ ጦር ጋር ጉንደትና ጉራዕ ላይ ተዋግተው የመጡ ናቸው። የእሳቸው ብቻ በደልም አይደለም፤ 1524ን ያየ ቤተ አማራ የሌላውንም ክንድ ያውቀዋል። እኔ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ የተቀመጡት ሊቃውንት ሰዓታቱን በቃላቸው የሚያውቁ ናቸው። በዚያ ግንቦት ሌሊት በድንኳኖቹ መካከል ዜማው ሳይሰማ አልቀረም። ታዲያ ሲነጋ አዋጁን አወጡ። የዮሐንስን መልእክት ምዕራፍ 4 የማያውቅ ሰው በመካከላቸው አልነበረም።

የቤት ስሞቻችን ከዚያ ዘመን የተረፉ ይመስሉኛል። ወሎ ውስጥ አባቱ አሕመድ ልጁ ገብረ ማርያም፣ አባቱ ወልደ ሚካኤል ልጁ ሰዒድ የሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሁለት ዳስ የሚባለውም ልማድ እንዲሁ። ለሠርግና ለተዝካር የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፤ እያንዳንዱ በራሱ ባርኮ ያርዳል፤ ለአንዱ ጠላ ለሌላው ቀሪቦ ይቀዳል። ደጋሹ አንድ ሰው ነው፤ ወጪው ግን እጥፍ ነው። እኔ በስልክ «ይቅር» ያልኩት ይህንን ነበር። አዋጅ አንድ ማዕድ ሊያደርገው ያልቻለውን ሕዝብ፣ ባላገሩ በሁለት ማዕድ አንድ አድርጎት ሲኖር፣ እኔ በወጪ ቁጠባ ስም ልነካካው።

* * *

መካነ ሰላም የደረስኩት በዋዜማው ማታ ነው። ከአክስቴ ጋር እሳት ዳር ተቀምጠን ያን የወፍጮ ላይ ስም አነሳሁባት።

«እንዴ! አታውቅም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ነገረችኝ።

በ1977 ዓ.ም. አክስቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አያቴ ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች ይዛ ቀርታለች። ጎተራው ባዶ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶች ባልየው በአህያ ወደ ጎጃም እየተሻገሩ የሚነግዱ ነበሩና የተወሰነ እህል አግኝተዋል። አንድ ማታ ሚስቲቱ ሁለት ቁና ገብስ በነጠላ ሸፍነው መጡ።

«እጄን ቁርጥማት ይዞኛል» አሉ። «መጅ መጨበጥ አቃተኝ። እባክሽ ፍጪልኝ፤ ግማሹ የድካምሽ ይሁን።»

አያቴ ፈጨች። በማግስቱም መጡ። እንዲህ እየሆነ ዝናብ እስኪዘንብ፣ እሸት እስኪደርስ ዘለቀ። አራቱም ልጆች ተረፉ፤ አንዷ እናቴ ናት።

«ቁርጥማቱስ?» አልኳት።

አክስቴ ጉማጁን ወደ እሳቱ ገፋ አደረገችው። «ምን ቁርጥማት! በሁለተኛው ቀን አጥር ዘልዬ ሄጄ በዚያው እጃቸው እንጨት ሲፈልጡ አይቻቸዋለሁ። ሮጬ ለእማ ነገርኳት። ‹ዝም በይ› አለችኝ፤ ‹እኔም አውቃለሁ።›»

ዝም አልን። አንዲት ሴት ልመና እንዳይመስልባት ሌላዋ በሽተኛ ሆነች፤ ያቺ ደግሞ ያወቀች እንዳይመስልባቸው አልዳኑም ወይ ብላ ሳትጠይቅ ወራት ፈጨች። ሁለቱም ሞተው አሁን ለአንደኛዋ አርባ እኔ «ሽሮ ይበቃቸዋል» ብያለሁ።

በማለዳ ስነሳ ሁለት ዳስ ተተክሎ አየሁ። ትልቁ ከቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ ትንሹ ከባሕር ዛፎቹ ሥር። አክስቴን «ይሄኛው ምንድን ነው?» ብላት «ዳስ ነዋ» ብላኝ አለፈች። ኪሴ ውስጥ የመመለሻ መሳፈሪያና ጥቂት ብር ነበረኝ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ገበያ ሮጬ አንድ በግ እንኳ ብገዛ እያልኩ ስቆጥር፣ አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው በአጥሩ በር በኩል ሙክት እየሳቡ ገቡ። ከኋላቸው ሚስታቸው የቀሪቦ እንስራ አዝለዋል። የዚያች ጎረቤት ልጅ ናቸው።

አክስቴ «ኧረ ምን አደረጋችሁ!» ብላ ተቀበለቻቸው።

«ምን እናድርግ? የእናታችን አርባ ነው» አሉ ሰውየው። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው ገመዱን አቀበሉኝ። «ያዝ እስቲ፣ ቢላውን ላምጣ።»

ገመዱን ይዤ ቆምኩ። ሙክቱ ደህና ሥጋ የያዘ ነው፤ እኔ በስልክ ከቀነስኳቸው ከሁለቱ አንዱን ያክላል። ተመልሰው ሲመጡ አፈሙዙን ወደ ቂብላ እንዳዞርላቸው በእጃቸው አሳዩኝ፤ አዞርኩ። ስመ አላህ ብለው አረዱት። ቆዳውን እየገፈፉ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ያ አዲስ አበባ ያለው? ይጽፋል የሚሉት?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

በፍቅር ስለ መኖር ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ አልወጣም። «ስለ ወፍጮ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ የቀለድኩባቸው መስሏቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ግን «የአያትህ ወፍጮ እኮ እኛ ቤት ነው ያለው» አሉኝ። «የዛሬ አምስት ዓመት ጉልበቷ ሲደክም ለእናቴ ነው የሰጠቻት። እናቴም ሞተች። አሁን ልጆቹ በርበሬ ይደልዙበታል።»

ላየው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «ማታ ትመጣለህ» አሉኝ፤ «አሁን ሥጋውን ያዝ።» ታፋውን በሁለት እጄ ተቀብዬ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ወዳለው ዳስ ተሸክሜ ሄድኩ።